ብሮከሩ የሚፈቅደውና ኪሳችን የሚችለው

 

ዛሬ ስለ ፎሬክስ፣ ማለትም ስለ ውጭ ገንዘቦች ንግድ፣ እናወራለን። እንዴት እንደሚተረፍበት የሚያስተምሩ የቴሌግራም ቻናሎች ሞልተዋል፤ ከእነሱ ጋር አልፎካከርም። እኔ የያዝኩት እነሱ ነካ አድርገው የሚያልፉትን አንድ ጥያቄ ነው። 100 ወይም 200 ዶላር ያለው ሰው ወደ ገበያው አንድ ጊዜ ሲገባ ምን ያህል ይግዛ? መልሱ ማባዛትና ማካፈል ከሚችል ሰው አያልፍም። አካውንታችን ተበላ የሚሉ ልጆች ግን ሲያወሩ ብትሰሙ፣ ሁሉም የሚያማርሩት ገበያው ተገለበጠብን ብለው ነው። ገበያ ይገለበጣል፤ ጠባዩ ነው። ያስበላቸው የገዙት መጠን ነው።

የሕጉን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። በአገራችን የውጭ ምንዛሬ ሥራ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነው። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ደግሞ በካፒታል ገበያ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት የፎሬክስ መተግበሪያ ከእሱ ጋር ዝምድና የለውም። ብዙ ጊዜ ድርጅቱ የተመዘገበው በሩቅ ደሴት ነው፤ ገንዘባችሁን አልመልስም ቢል የምትከሱት እዚህ ጭሮ ፍርድ ቤት አይደለም። «ገንዘባችሁን ስጡኝ፣ እኔ ልነግድላችሁ፣ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላችኋለሁ» የሚል ሲመጣ ፈቃድህን አሳየን በሉት። ዶላሩ ወደ አካውንቱ የሚገባበት መንገድም የራሱ የሕግ ጥያቄ አለበትና ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማከሩ። ግቡ ልላችሁ አልመጣሁም። ገብቶ ያለ ወጣት ግን በዚህ አዳራሽም አይጠፋም፤ ሒሳቡን አውቆ ይቀጥል ወይም አውቆ ይተው።

የገንዘብ ዋጋ ከሌላ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር መውጣት መውረዱ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ጨርጨርን ሲገዙ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ያቀኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። በእሳቸው ዘመን ይህ አገር የሚገበያየው በጠገራ ብር ነበር። የጠገራ ብር ዋጋ የሚወሰነው እዚህ አልነበረም፤ የብር ማዕድን በዓለም ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1929 በኋላ በመጣው የኢኮኖሚ ድቀት የብር ማዕድን ረከሰ። ጠገራውን በሣጥን ቆልፎ ያስቀመጠ ሰው ከቁጥሩ አንዲት ሳትጎድልበት፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን ዕቃ የመግዛት አቅሙ አነሰ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ደግሞ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ቆየና በ1985 መጀመሪያ በአንድ ውሳኔ 5 ብር ገባ። ስለዚህ ፎሬክስ የምንለው ነገር ሲያገኘን ኖሯል። አዲሱ ነገር ብድሩ ነው።

ብድሩን ጫት ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነጋዴ የራሱ 10,000 ብር አለው እንበል። ከገበሬው የ90,000 ብር ጫት በዱቤ ይጨምርና የ100,000 ብር ጫት አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ድንበር፣ ወደ ወጫሌ ይልካል። ዋጋው በ10 በመቶ ከፍ ካለ 10,000 ብር አተረፈ፤ የራሱን ገንዘብ እጥፍ አደረገ ማለት ነው። በ10 በመቶ ከወረደ ግን የራሱ ገንዘብ አለቀ። በ15 በመቶ ከወረደ ባለዕዳ ሆኖ ገበሬው ደጅ ይቆማል። ጫቱ ያው ጫት፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። ሰውየውን ያከበረው ወይም ያከሰረው፣ የራሱ 10,000 ከተሸከመው 100,000 ጋር ያለው ምጣኔ ነው። ይህን ምጣኔ ፎሬክስ ውስጥ ሌቨሬጅ ይሉታል። የነጋዴው 1 ለ 10 ነው። ከውጭ የሚሠሩ ብሮከሮች፣ ማለትም ከገበያው የሚያገናኙን ድርጅቶች፣ 1 ለ 500፣ አንዳንዴም 1 ለ 1000 ይሰጣሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ገበያው የሚሸጠው በሎት ነው። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 አሃድ ነው፤ ዩሮ ከሆነ 100,000 ዩሮ። ብዙ ብሮከሮች የሚቀበሉት ትንሹ መጠን 0.01 ሎት፣ ማለትም 1,000 ዩሮ ነው። የዩሮና የዶላር ዋጋ የሚቆጠረው በአራተኛው የነጥብ ቤት ነው፤ ከ1.1000 ወደ 1.1001 ሲሄድ አንድ ፒፕ ተንቀሳቀሰ ይባላል። በ0.01 ሎት አንድ ፒፕ 10 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ነው፤ በ0.10 ሎት 1 ዶላር፤ በሙሉ ሎት 10 ዶላር። የጃፓን የን ሲሆን ፒፑ ሁለተኛው የነጥብ ቤት ላይ ይወርዳል፤ አንድ ዶላር 150 የን ሲሆን የ0.01 ሎት ፒፕ ወደ 7 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠጋል። ይህን ካወቃችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ማርጂን መያዣ ነው። ብሮከሩ ለከፈታችሁት ግዢ ከአካውንታችሁ ላይ ቆልፎ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ማለት ነው። የኮሚሽን ክፍያ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም፤ ግዢው ሲዘጋ ይለቀቃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የገዛችሁት አሃድ ሲባዛ በዋጋው፣ ሲካፈል ለሌቨሬጁ። ዩሮ 1.10 ዶላር ሲሆን 0.01 ሎት 1,100 ዶላር ያወጣል። በ1 ለ 100 መያዣው 11 ዶላር ነው፤ በ1 ለ 500 ደግሞ 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም። በ1 ለ 30 ቢሆን 36 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይሆን ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት በብዛት ይሠራል፤ ትንሽ ልቆይበት። ሌቨሬጁ ከፍ ሲል በአንድ ፒፕ የምናጣው ይጨምራል ብሎ የሚያስብ አለ። አይጨምርም። 0.01 ሎት በ1 ለ 30ም በ1 ለ 500ም ፒፑ ያው 10 ሳንቲም ነው። ሌቨሬጁ የሚለውጠው መያዣውን ብቻ ነው። ታዲያ አደጋው የት አለ? መያዣው ሲያንስ አካውንታችሁ ላይ «ፍሪ ማርጂን» የሚለው ቁጥር ይተልቃል። 200 ዶላር ያለው ልጅ በ1 ለ 100 0.01 ሎት ሲከፍት 11 ዶላር ተይዞ 189 ዶላር ነፃ መሆኑን ያያል። «ይህ ሁሉ ገንዘብ ሥራ ፈቶ ለምን ይቀመጣል?» ይላል። ሌላ ይከፍታል፤ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። ያ 189 ዶላር ግን ሥራ አልፈታም፤ ገበያው ሲገለበጥ ኪሳራውን የሚችለው እሱ ነው።

መጠኑ ሲተልቅ ምን እንደሚሆን እንየው። 100 ዶላር ያለው ሰው 0.10 ሎት ዩሮ ገዛ። ያ 10,000 ዩሮ፣ በዶላር 11,000 ነው። በ1 ለ 500 መያዣው 22 ዶላር ብቻ ስለሆነ ብሮከሩ ያለ ጥያቄ ይከፍትለታል። አንድ ፒፕ 1 ዶላር ነው። ብዙ ብሮከሮች ያለው ገንዘብ ከመያዣው 50 በመቶ ሲደርስ ግዢውን በግድ ይዘጉታል፤ ስቶፕ አውት የሚሉት ይህን ነው። የ22 ግማሽ 11 ነው፤ ስለዚህ ልጁ 89 ዶላር ከስሮ 11 ዶላር ይዞ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው የ89 ፒፕ ውድቀት ነው፤ ዩሮ በዋጋው አንድ መቶኛ እንኳ አልወረደም። ትልቅ ዜና በሚወጣበት ቀን ዩሮ ይህን ያህል መሄዱ የተለመደ ነው።

ያው ልጅ ያንኑ 0.10 ሎት በ1 ለ 200 ቢከፍት መያዣው 55 ዶላር ይሆን ነበር፤ በግድ ሲዘጋ 27 ዶላር ተኩል ይቀረው ነበር። በ1 ለ 100 መያዣው 110 ዶላር ስለሆነ ጭራሽ አይከፈትለትም። በ1 ለ 30 ከሆነ 367 ዶላር ያህል ይጠየቃል። የአውሮፓው የሰነዶችና የገበያዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ለግለሰብ ነጋዴዎች ዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ሌቨሬጁን 1 ለ 30 ላይ ያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ባወጣው መግለጫ እንዲህ ያለ የብድር ንግድ ከሚሠሩ የግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው ገንዘብ እንደሚያጡ ገልጿል። አሜሪካ 1 ለ 50፣ ጃፓን 1 ለ 25 ላይ ወስነዋል። እነዚህ አገሮች ለዜጎቻቸው የከለከሉትን 1 ለ 500 ለጭሮ ልጅ ማን አዘነለትና ነው የፈቀደለት?

እንግዲህ መያዣው ብሮከሩ ምን ያህል እንደሚፈቅድ ይነግረናል። ምን ያህል መሸከም እንደምንችል የሚነግረን ሌላ ሒሳብ ነው፤ የሚሠራውም ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ግዢ ቢበላሽ ስንት ዶላር ልጣ?» የሚለው ነው። ጠንቃቃ ነጋዴዎች ከአካውንታቸው 1 በመቶ፣ ቢበዛ 2 በመቶ ይላሉ። ቀጥሎ ግምታችን ስህተት መሆኑን አምነን የምንወጣበት ዋጋ የት እንደሆነ ይወሰናል፤ ስቶፕ ሎስ የሚባለው፣ ግዢውን በራሱ የሚዘጋው ትእዛዝ፣ እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ የምናጣውን ዶላር ለስቶፑ ርቀት በፒፕ እናካፍላለን። የሚወጣው በአንድ ፒፕ ልናጣ የምንችለው ነው፤ ከእሱ ሎቱ ይገኛል። 200 ዶላር ላለው ሰው 2 በመቶው 4 ዶላር ነው። ስቶፑ 40 ፒፕ ርቆ ከሆነ 4 ሲካፈል ለ40፣ በፒፕ 10 ሳንቲም፣ ማለትም 0.01 ሎት። ስቶፑ 80 ፒፕ መራቅ ካለበት ደግሞ 0.005 ሎት ያስፈልጋል፤ ብሮከሩ ግን ከ0.01 በታች አይሸጥም። በዚያን ጊዜ መልሱ «ይህ ግዢ ለእኔ አይሆንም» ነው። ስቶፑን ወደ 40 አስጠግቶ መግባት ሒሳቡን ያስተካክላል እንጂ ገበያውን አያስተካክልም፤ ዋጋው በተለመደው መወዛወዙ ነካ ያደርገውና ያስወጣችኋል።

የትንሽ አካውንት እውነተኛ ችግር ይህ ነው። ባለ 10,000 ዶላሩ ሲከስር መጠኑን ይቀንሳል፤ ባለ 200 ዶላሩ የሚቀንሰው የለውም። አምስት ጊዜ በተከታታይ 2 በመቶ ቢያጣ 181 ዶላር ገደማ ይቀረዋል፤ የዚያ 2 በመቶ 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው፤ በ0.01 ሎት ስቶፑ ከ36 ፒፕ መብለጥ የለበትም። ከዚህ በታች ሲወርድ ወይ የ2 በመቶውን ሕግ ያፈርሳል ወይ ያቆማል። አምስት ተከታታይ ኪሳራ ሩቅ አይምሰላችሁ። ሳንቲም ወርውራችሁ ግማሽ በግማሽ የመሸነፍ ዕድል ቢኖራችሁ እንኳ በ100 ውርወራ ውስጥ አምስት ጊዜ መደዳውን አለመሸነፍ ነው የሚገርመው። በየጊዜው 20 በመቶ የሚያስይዘው ልጅ በእነዚሁ አምስት ሽንፈቶች 200 ዶላሩ 65 ዶላር ተኩል ይሆንበታል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ 205 በመቶ ማትረፍ አለበት። ባለ 2 በመቶው 11 በመቶ ያህል ይበቃዋል።

ወርቅ የሚነግዱ ብዙ እንዳሉ ስለማውቅ እሱንም ላንሳ። በብዙ ብሮከሮች አንድ ሎት ወርቅ 100 አውንስ ነው፤ 0.01 ሎት ደግሞ 1 አውንስ። ዋጋው በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ እናንተም 1 ዶላር ታገኛላችሁ ወይም ታጣላችሁ። አውንሱ 2,500 ዶላር ቢሆን በ1 ለ 500 መያዣው 5 ዶላር ብቻ ነው፤ ርካሽ ይመስላል። ወርቅ ግን በአንድ ቀን 20 ዶላርና ከዚያ በላይ መሄዱ ብርቅ አይደለም። 100 ዶላር ባለው አካውንት ትንሹን መጠን የያዘ ሰው እንኳ በአንድ ቀን አንድ አምስተኛውን ሊያጣ ይችላል። 2 በመቶ ልጠብቅ ካለ ስቶፑ 2 ዶላር ርቀት ላይ ይውላል፤ እሱ ደግሞ ቡና ሳይፈላ ይነካል። በእኔ አስተያየት በ100 ዶላር ወርቅ አይነገድም።

ሌላው የሚያታልለው ሁለት ግዢ ከፍቶ አደጋውን አከፋፈልኩ ማለት ነው። ዩሮን በዶላር ላይ፣ ፓውንድን በዶላር ላይ የገዛ ሰው ዶላር ሲጠነክር ሁለቱም ላይ አብሮ ይመታል። 2 በመቶ፣ 2 በመቶ ብሎ የቆጠረው ወደ 4 ይጠጋል።

ስቶፕ ሎስ አስቀምጫለሁና አልሰጋም ለሚለው ደግሞ የስዊዝ ፍራንክን ታሪክ ልንገረው። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ጳጉሜን 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ገንዘቡ ከመጠን በላይ እንዳይጠነክር አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች አይወርድም ብሎ ወሰነ። ከሦስት ዓመት በላይ ቃሉን ጠበቀ፤ ነጋዴውም ግድግዳ አለ ብሎ ከግድግዳው ጥግ በትልቅ ሎት ዩሮ ገዛ፤ ስቶፑንም ከ1.20 ትንሽ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠ። ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ባንኩ ውሳኔውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሰረዘ። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1.00 በታች ወረደ። ስቶፑ ባለበት ዋጋ የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓቱ ገዢ እስኪያገኝ ወረደና በጣም ርቆ ዘጋው። ብዙዎች ካስገቡት በላይ አጡ፤ ባለዕዳም ሆኑ። ኤፍ ኤክስ ሲ ኤም የተባለው ትልቅ ብሮከር ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ስላወረዱበት 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ወስዶ ነው የተረፈው፤ የእንግሊዙ አልፓሪ ግን ከሰረ።

ስዊዘርላንድ ራቀች የምትሉ ካላችሁ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አስታውሱ። ዓርብ ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው ዶላር ሰኞ 74 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ላይ ከፈተ፤ በአንድ የሳምንት መጨረሻ 30 በመቶ ማለት ነው። በ58፣ በ60፣ በ65 አላለፈም፤ ዘለለ። ስቶፕ ሎስ የሚያገለግለው ዋጋ ደረጃ በደረጃ ሲሄድ ነው። ሲዘልል የሚያድናችሁ ቀድሞ የያዛችሁት መጠን ማነሱ ብቻ ነው፤ ለዚህም ትልቅ ዜና በሚጠበቅበት ሰዓትና ዓርብ ማታ ግዢ ክፍት ትቶ ማደር በትንሽ አካውንት አይመከርም።

ስለ ወለድ የሚጠይቁኝ ይኖራሉ፤ አስቀድሜ ልመልስ። ግዢ ክፍት ሆኖ ሲያድር ብሮከሩ ስዋፕ የሚባል ያስከፍላል ወይም ይከፍላል፤ ይህ የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው። ለሙስሊም ደንበኞች ስዋፕ የሌለው አካውንት የሚያቀርቡ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ወጪውን ሰፋ ባለ ስፕሬድ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋው ልዩነት) ወይም በአስተዳደር ክፍያ ስም ያካክሱታል። ሐላል ሐራሙን ሸኾቻችሁን ጠይቁ። እኔ የምለው ክፍያው በየትኛውም ስም ይምጣ፣ ሒሳባችሁ ውስጥ ይግባ ነው። ስፕሬዱም እንደዚያው። 1 ፒፕ ተኩል ስፕሬድ ለ40 ፒፕ ስቶፕ ትንሽ ነው፤ ለ10 ፒፕ ስቶፕ ግን ገና ከመጀመራችሁ 15 በመቶውን ወሰደ።

የመጨረሻው ነጥብ «ያለኝ 50 ዶላር ብቻ ነው» ለሚለው ነው። በ0.01 ሎት 1 በመቶውን ማለትም 50 የአሜሪካ ሳንቲም ለመጠበቅ ስቶፑ 5 ፒፕ ብቻ ሊርቅ ነው፤ አይሠራም። አንዳንድ ብሮከሮች ሴንት አካውንት የሚሉት አላቸው፤ 50 ዶላራችሁ 5,000 ሴንት ሆኖ ይቆጠራል፤ አንድ ሎቱም 1,000 አሃድ ነው። እዚያ ላይ 50 ሳንቲም ለ25 ፒፕ ስቶፕ ስታካፍሉ በፒፕ 2 ሳንቲም ይመጣል፤ ያ 200 አሃድ፣ ማለትም 0.20 የሴንት ሎት ነው። ሒሳቡ አሁን ይሠራል። ልታጡ ከምትችሉት እጥፍ ልታተርፉ አስባችሁ ቢሳካ የምታገኙት 1 ዶላር ነው፤ ስፕሬዱ ሳይቀነስ። ለዚያ 1 ዶላር የኢንተርኔት ጥቅሉንና ስልክ ላይ ያፈጠጣችሁበትን ሰዓት ደምሩበትና ያዋጣ እንደሆነ እዩት።

ወረቀትና እስክርቢቶ የያዛችሁ የራሳችሁን አካውንት ቁጥር አስገብታችሁ አሁኑኑ ሥሩት፤ እኔ እዚሁ ነኝ፣ ያልወጣላችሁን አብረን እናየዋለን።